አረንጓዴ የሆነውን ወታደር ፈግፍገን እንቀባው ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «በመናፈሻችን መሃል የጦርነት መታሰቢያ የሆነ የወታደር ሐውልት አለ። ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል፤ የቆመው በድንጋይ መደብ ላይ ነው። ድሮ ጠቆር ያለ ቡናማ ነበር ይባላል። አሁን አረንጓዴ ሆኗል። ፊቱ ላይ ጥቁር መስመሮች አሉ። ከግራ ቦት ጫማው ሥር ደግሞ ቀይ ነገር በድንጋዩ ላይ ይወርዳል። የጠመንጃው ሳንጃ ተሰብሯል። ከሦስት ወር በኋላ የመታሰቢያ ቀን ስላለን ኮሚቴው በሽቦ ብሩሽ አስፈግፍጎ ወርቃማ ቀለም ሊያስቀባው አስቧል። ምን ይመክሩናል?»

ከሁሉ በፊት የሽቦ ብሩሹን አስቀምጡት። ቀለሙንም ገና ካልገዛችሁ አትግዙ። ሐሳባችሁ ከፍቅር እንደመጣ ይገባኛል። የወደቁ ሰዎች መታሰቢያ ተጎሳቁሎ ሲታይ ያማል። ግን የሽቦ ብሩሽ የሚወስደው እድፉን ብቻ አይደለም። ቀራፂው የሠራውን የመጨረሻ ስስ ገጽም አብሮ ይወስደዋል። እሱን ደግሞ የትኛውም ባለሙያ፣ በየትኛውም ዋጋ፣ ሊመልስላችሁ አይችልም።

ከጻፉልኝ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ አረንጓዴው አይደለም። ያሳሰበኝ ከቦት ጫማው ሥር የሚወርደው ቀይ ነው። እሱ ጋ እደርሳለሁ። በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት፦ ሐውልቱ ከምን ተሠራ?

ሰው ሁሉ «ነሐስ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በተለይ የወታደር ሐውልት ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ብዙ ከተሞች ወታደራቸውን ከካታሎግ መርጠው ነበር የሚያዙት። በአሜሪካ፣ ኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ የነበረው ሞኑመንታል ብሮንዝ ኩባንያ የእርስ በርስ ጦርነቱን ወታደሮች በዚህ መንገድ ሸጧል። ምርቱን «ነጭ ነሐስ» ይለው ነበር፤ ዕቃው ግን ዚንክ ነው። ኦሃዮ ውስጥ በሳሌም ከተማ የነበረው የመሊንስ ፋብሪካ ደግሞ ከስስ መዳብ እየተጫኑ የወጡ ክፍሎችን ገጣጥሞ ወታደር ይሠራ ነበር። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ነሐስ ይመስላሉ።

ለመለየት መጀመሪያ ማግኔት ውሰዱ። የተለያየ ቦታ አስጠጉት። አጥብቆ ከያዘ ሐውልቱ ብረት ነው። የትም ካልያዘ ነሐስ፣ መዳብ ወይም ዚንክ ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደከም አድርጎ ከሳበ ደግሞ ያንን ቦታ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉበት። ከውስጥ የብረት ዘንግ ወይም ብሎን አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሰው የማያየው ቦታ፣ ለምሳሌ ከካፖርቱ ጫፍ በታች፣ በመርፌ ጫፍ በጣም ትንሽ ጭረት አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ይህ ግን የሐውልቱ ባለቤት ከፈቀደ ብቻ ነው። ወደ ወርቅ የሚያደላ ቀለም ከታየ ነሐስ፣ ቀላ ያለ ከሆነ መዳብ፣ ብርማ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ነው። ዚንክ በራሱ አረንጓዴ አይሆንም፤ ሲያረጅ ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የእናንተው ቀለም ተቀብቶ ካልሆነ በቀር ዚንክ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው በከንቱ አይደለም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ነሐስ ግን ከ900 በላይ ይፈልጋል። «ነሐስ ነው» ብሎ የብየዳ እሳት ያስጠጋ ሰው የዚንኩን ወታደር ክንድ ዓይኑ እያየ ሊያቀልጠው ይችላል። ዚንክ በዘመናት ብዛት በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ መጋጠሚያዎቹም ይከፈታሉ። እንዳይወድቅ ብለው ሆዱን በኮንክሪት የሚሞሉት አሉ። ኮንክሪቱ ውሃ ይይዛል፣ ጭነት ይጨምራል፣ ሐውልቱንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሐውልቱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብረት ቀለም ይፈልጋል። ያኔ የኮሚቴያችሁ ሐሳብ ግማሹ ትክክል ይሆናል ማለት ነው፣ ወርቃማውን ትቶ።

ከዚህ በኋላ ነሐስ ነው ብዬ ልቀጥል።

ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ነው፤ አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ቆርቆሮ (ቲን) ይቀላቀልበታል። መዳቡ ከአየር፣ ከእርጥበትና ከጭስ ከሚመጣ ድኝ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ልባስ ያወጣል። ባለሙያዎች ፓቲና ይሉታል። ጠንካራ፣ እኩል የተሰራጨና በጣት ሲነካ የማይበን ፓቲና ከሥሩ ያለውን ማዕድን በመጠኑ ይከላከላል። ወታደሩ ሲመረቅ የነበረው ቡናማም ቢሆን የነሐሱ የራሱ ቀለም አይደለም። ነሐሱ ከቀለጠበት ፋብሪካ ሳይወጣ በኬሚካልና በእሳት ሆን ተብሎ የተሰጠው ነው። ወርቃማማ ሆኖ ለሕዝብ የታየበት ቀን ላይኖር ይችላል። እና ወርቃማ ቀለም ስትቀቡት የምትመልሱት ነገር የለም፤ አዲስ ነገር ነው የምትፈጥሩት።

ቀለሙ ራሱም አይበረክትም። ብዙዎቹ ወርቃማ ቀለሞች ውስጥ ያለው ብልጭታ የመዳብ ቅይጥ ዱቄት ነው። ውጭ ሲቆይ ይጠቁራል። ከዚያ ይላጣል። በተላጠው ሥር ውሃ ይገባና ማንም ሳያየው ነሐሱን ይበላዋል።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ኒው ዮርክ ያለው የነፃነት ሐውልት አረንጓዴ እየሆነ ሲመጣ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. እንዲቀባ ታስቦ ነበር። ሕዝቡ ተቃወመ። መሐንዲሶችም ልባሱን አይተው መዳቡን እየጠበቀ ነው አሉ። ውጪው ሳይቀባ ቀረ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያንን አረንጓዴ ነው።

ይሁንና አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ፈዘዝ ያለ፣ ዱቄት የሚመስል፣ በትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ የሚወጣ አረንጓዴ ካያችሁ እሱ ሌላ ነገር ነው። የነሐስ በሽታ ይባላል። መነሻው ክሎራይድ ነው፤ ከባሕር አየር፣ ከጨው ወይም ከማይሆን ማጽጃ ይመጣል። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ራሱን እየደገመ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። መለያው ቀላል ነው። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ጥቂት እርጥብ ሳምንታት ካለፉ በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሶ ከወጣ በሽታው አለ። ሕክምናው የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ የሚሠራባቸው ኬሚካሎች መርዛማ ናቸው። በረኪና በፍጹም አታስነኩት፤ ክሎሪኑ ይህንኑ በሽታ ነው የሚመግበው።

ፊቱ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች የሚነግሩን የዝናብ መንገድ ነው። ውሃ ደጋግሞ የሚያጥበው ቦታ ይነጣና ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ይሄዳል። ከቆቡ ጠርዝ በታች፣ ከአገጩ ሥር፣ ብብቱ ውስጥ ደግሞ ዝናብ አይደርስም፤ ጥላሸትና አቧራ ተጋግሮ ይጠቁራል። የብርሃንና የጥላ ቦታ ስለሚለዋወጥ ፊቱ የሚያለቅስ ወይም የተቆጣ ይመስላል። ቀራፂው ይህን አላሰበም። ስለዚህ ፊቱን ማስተካከል መፈለጋችሁ ተገቢ ነው። ግን የሚስተካከለው በሰም ነው እንጂ በመፋቅ አይደለም።

ስለ መፋቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የወታደር ሐውልት ከሌላው የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው። የካፖርቱ ሻካራነት፣ የገምባሌው ጥምጥም፣ የዝናሩ መዝጊያ፣ የኮዳው ክር። ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ ጥግ ላይ በ1925 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የንጉሣዊ መድፈኞች መታሰቢያ ተመልከቱ። ቀራፂው ቻርልስ ሳርጀንት ጃገር ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ የቆሰለ ሰው ነው። ከአራቱ የነሐስ ወታደሮች አንዱ ሞቶ ተጋድሟል፤ ፊቱና ደረቱ በገዛ ካፖርቱ ተሸፍኗል። ፊት በሌለበት ሐዘኑን የሚሸከመው የጨርቁ እጥፋት ነው። ያን እጥፋት በሽቦ ብሩሽ ብታሹት ምን ይቀራል? በአሸዋ መርጨትም ያው ነው። የእናንተ ወታደር በዝነኛ ሰው ባይቀረጽም፣ ዝናሩን በትዕግሥት የሠራ አንድ ሰው ነበረ።

አሁን ወደ ቀዩ እንምጣ። ነሐስ ቀይ ዝገት አያፈስስም። ቀይ ቡናማ ከታየ የሆነ ቦታ ብረት አለ፤ ያም ብረት ውሃ እያገኘ ነው። ሐውልቱ ከውስጥ ባዶ ነው። ሲቀለጥ ቅርጹን ለመያዝ የብረት ዘንጎች ይገባሉ፤ አንዳንዴም ከድንጋዩ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ብረት ናቸው። ከሥራው የተረፈ ሸክላና ጀሶ ውስጥ የቀረ እንደሆነ ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ውሃ የሚገባው ከላይ ነው፦ ከተሰነጠቀ መጋጠሚያ፣ ከቆቡ ሥር ካለ ቀዳዳ፣ ከተሰበረው ሳንጃም ሊሆን ይችላል። ወርዶ እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል።

ከዚያ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል። አንደኛ፣ ብረትና መዳብ እየተነካኩ እርጥበት ውስጥ ሲቀመጡ ብረቱ ብቻውን ከሚዝገው በላይ በፍጥነት ይበላል። ሁለተኛ፣ የዛገ ብረት ያብጣል፤ ከመጀመሪያ መጠኑ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። እብጠቱ ነሐሱን ይሰነጥቃል፣ ድንጋዩንም ያነሳል። በነፃነት ሐውልት ላይ የሆነው ይኸው ነው። የመዳብ ቆዳዋ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሚይዘው የብረት አፅም ነበር። ብረቱና መዳቡ እንዳይነካኩ የተደረገው መለያያ በጊዜ ብዛት አልቆ ብረቱ ዛገና አበጠ። በ1984 እና በ1986 እ.ኤ.አ. መካከል በተደረገው ጥገና የዛጉት ዘንጎች በማይዝግ ብረት ተተኩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ውጪው አረንጓዴ ደህና ነበር። የታመመው የማይታየው ነው።

እና የእናንተውን ስትመረምሩ ከፊቱ በፊት እግሩን እዩ። በግራው ቦት ጫማ ዙሪያ ስንጥቅ አለ? ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተነስቷል ወይ? ሐውልቱን ከሁለት አቅጣጫ በቱንቢ ገመድ አይታችሁ ከድሮ ፎቶ ጋር አወዳድሩ፤ አዘንብሏል? ካዘነበለ ዛሬውኑ ዙሪያውን በገመድ ከልላችሁ ሕፃናት እንዳይወጡበት አድርጉ። ይህ የማይጠብቅ ነገር ነው።

ቦት ጫማው አጠገብ ወይም መደቡ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኖሩ እንደሆነም ፈልጉ። የተተዉት ውሃ እንዲወጣባቸው ነው። ደግ ያሰበ ሰው ሲሚንቶ ወይም ሲሊኮን ደፍኖባቸው ማግኘት የተለመደ ነው። ከተደፈኑ ባለሙያ ይክፈታቸው። ቀዩን ፍሳሽ ራሱን ግን አሁን ከድንጋዩ ላይ ለማስለቀቅ አትታገሉ። ምንጩ ሳይዘጋ እድፉን ማንሳት ትርፉ ድካም ነው። የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ ደግሞ መደቡ እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ከሆነ ድንጋዩን ራሱን ያሟሟዋል።

የውስጡ ጉዳት ከባድ ሆኖ ከተገኘ ሐውልቱ መውረድ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ስትሰሙ አትደንግጡ። በርሊን፣ ትሬፕቶወር ፓርክ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ ሰይፍ ይዞ የቆመው የሶቪየት ወታደር፣ የየቭጌኒ ቩቼቲች ሥራ፣ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞ በ2003 ወረደ። ሪገን ደሴት ወዳለ ወርክሾፕ ተወስዶ ተጠገነና በ2004 ግንቦት ወር ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ያህል ግዙፍ ወታደር ወርዶ ከተመለሰ የእናንተውም ይመለሳል።

እግሩ ደህና ከሆነ፣ እናንተ በራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ማጠብና ሰም መቀባት ነው። ከዚያ በፊት ግን ፈቃድ አግኙ። መናፈሻው የከተማው ሆኖ ሐውልቱ የአርበኞች ማኅበር ወይም የቅርስ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ከነአጻጻፋቸው ገልብጡ። የፊደል ስህተት ቢኖር እንኳ አታርሙት። የነሐስ ሰሌዳ በሌባ የሚፈለግ ዕቃ ነው። ቢጠፋ የሚተካው ከእናንተ ፎቶ ላይ ነው።

የምትጠቀሙት ንጹሕ ውሃ፣ ለዘብ ያለ፣ ሽታና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የፀጉር ብሩሽና ስፖንጅ ነው። ዱቄት ሳሙና፣ አሸዋነት ያለው ማጽጃ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የውሃ መርጫ አይግቡ። መጀመሪያ ሁሉንም አርጥቡ፣ ከዚያ በቀስታ እሹ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። የወፍ ኩስ አሲድነት ስላለው ሳታስቀሩ አንሱት። መሰላሉን ጠመንጃው ወይም ክንዱ ላይ አታስደግፉ። ብቻውን የሚቆም መወጣጫ ተጠቀሙ። የድሮ ቀለም ተቀብቶ ከነበረ አትፋቁት፤ እርሳስ ሊኖረው ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ነሐሱን ሞቅ ባደረገችበት ቀን፣ ለሐውልት ጥበቃ የሚሸጠውን ማይክሮክሪስታላይን ሰም በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሲደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ወልውሉት። የመኪና ሰም አይሆንም፤ ብዙው የሚፍቅ ነገር ይጨመርበታል። ኮሚቴውን ግን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፦ ሰም ቀለሙን ያጠቁረዋል። ፈዛዛው አረንጓዴ ወደ ጥልቅ አረንጓዴ ቡናማ ይሄዳል፤ በመስመሮቹና በቀሪው ገጽ መካከል ያለው ልዩነትም ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚወደው ለውጥ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ከጀርባ በኩል መዳፍ በሚያህል ቦታ ሞክሩና ሁሉም ይየው። ሰሙ ዝናብና ፀሐይ ስለሚበላው በየዓመቱ ይደገማል። ድንጋዩ ላይ እንዳታስነኩት። ባለሙያዎች በጋለ ነሐስ ላይ ሰም ያቀልጣሉ፤ አንዳንዴም ኢንክራላክ የሚባል ግልጽ ልባስ ይቀባሉ። ሁለቱንም ለእነሱ ተዉላቸው።

የአትክልተኛውንም ሥራ እዩለት። ብዙ መናፈሻ ውስጥ ሐውልትን በየቀኑ የሚያርሰው ዝናብ ሳይሆን የሣር ማጠጫው ነው። አቅጣጫውን አዙሩት። የሣር ማጨጃው የመደቡን ጠርዝ እንዳይመታ በዙሪያው ጠጠር አድርጉ። በመታሰቢያው ቀን አበባ ሲቀመጥ በብረት ሽቦ ሐውልቱ ላይ አይታሰር። ሻማም ስሞቹ ሥር አይብራ፤ ጥላሸቱና ቀልጦ የሚወርደው ሰም ፊደሎቹ ውስጥ ይገባል። ለአበባና ለሻማ ትንሽ ፈንጠር ያለ ቦታ አዘጋጁ።

ሳንጃው ቀረ። ቁራጩ ያለው ሰው ካለ ፈልጉት። ከተገኘ አጥባችሁ ሳትወለውሉ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በብየዳ አይያያዝ፤ እሳቱ በዙሪያው ያለውን ልባስ ያቃጥለዋል። ባለሙያ ከውስጥ በማይዝግ ዘንግ አድርጎ ይሰካዋል፤ ነገ ተነቅሎ እንደገና እንዲሠራ ሆኖ። ካልተገኘ ደግሞ የካታሎጉ ነገር እዚህ ይጠቅማችኋል። ወታደራችሁ ከካታሎግ የመጣ ከሆነ ወንድሙ ሌላ ከተማ መናፈሻ ውስጥ ሳንጃው ሳይነካ ቆሞ ሊሆን ይችላል። መደቡ ወይም የእግሩ ሰሌዳ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ፈልጉ። ከወንድሙ ልክና ቅርጽ ተወስዶ አዲስ ሳንጃ በነሐስ ይሠራል፤ በማይታይ ጎኑም የተሠራበት ዓመት ይቀረጽበታል። በግምት የተሠራ ብረት ወይም ፕላስቲክ ከምትሰኩ ለጊዜው ስብራቱ ባዶ ይሁን። ዝናብ በዚያ የሚገባ ከሆነ ግን በሚነሳ ሰም ሸፍኑት።

ሦስት ወር ለማጠብ፣ ለሰምና ለእግሩ ምርመራ ይበቃል። ለሳንጃው አይበቃም፤ ለውስጥ ጥገና ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ኮሚቴው ለቀለም የያዘውን ገንዘብ የእግሩን ውስጥ በካሜራ ለሚያይ ባለሙያ ያውለው። ለእኔም ሦስት ፎቶ ይላኩልኝ፦ ሁለቱን ቦት ጫማዎች ከነመደቡ፣ የጀርባውን መጋጠሚያ፣ የሳንጃውን ስብራት በቅርበት። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ከሚነሳው ነገር ጎን ማስመሪያ ይኑር፤ ፎቶው የሚነሳው ደግሞ ዝናብ ካባራ በኋላ ይሁን፤ ውሃው ከየት እንደሚወጣ የሚታየው ያኔ ነው።